የኢትዮጵያ ንጉሥ ፊርማ

እዚህ እስራኤል ያላችሁ፣ አገር ቤትም አሜሪካም ያላችሁ ዘመዶቼ፣ ዛሬ ስለ ትርፍ ጊዜ ሥራዬ ላጫውታችሁ።

ጊቫት ሽሙኤል በሚገኘው ቤቴ አንድ ክላሰር አለኝ። ውስጡ የድሮ የሆሊውድ ተዋንያን በእጃቸው የፈረሙባቸው ፎቶግራፎች አሉ። የዋና ዋናዎቹ ኮከቦች ፊርማ ዋጋው አይቀመስም። እኔ የምሰበስበው የረዳት ተዋንያንን ነው፤ መልካቸውን ሁላችንም የምናውቀው፣ ስማቸውን ግን የማንጠራው የእነዚያን ሰዎች። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ነገሩ የጀመረው በፋሲካ ሰሞን ነው። በ1956 የወጣውን የሲሲል ደሚል «አሥርቱ ትእዛዛት» ከልጆች ጋር ስናይ፣ ሙሴ ከኢትዮጵያ ዘመቻ ድል አድርጎ ሲመለስ የኢትዮጵያን ንጉሥና እኅቱን ፈርዖን ፊት ያቀርባል። ራምሴስ ሊያንበረክካቸው ሲፈልግ ሙሴ ግን እንደ ወዳጅ እንዳመጣቸው ይናገራል። ልጄ ወዲያው «አባዬ፣ ይህ ሰውዬ የእኛ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። መልስ አልነበረኝም።

እውነቱን ለመናገር ይህ ዘመቻ በኦሪት የለም። ታሪኩን የጻፈው በመጀመሪያው መቶ ዘመን የኖረው አይሁዳዊ ታሪክ ጸሐፊ ጆሴፈስ ነው። በኦሪት ዘኁልቁ ምዕራፍ 12 ያለው ሙሴ ኢትዮጵያዊት ማግባቱና ማርያምና አሮን በዚህ ምክንያት እርሱን ማማታቸው ነው። በዕብራይስጡ «ኩሺት» ይላል። ይህ ቃል ዛሬ እዚህ አገር መንገድ ላይ እንዴት እንደሚወረወርብን የምታውቁ ታውቁታላችሁ። እግዚአብሔር ግን የተቆጣው በአሚዎቹ ላይ ነበር።

ንጉሡን የተጫወተው ዉዲ ስትሮድ ይባላል። ኢትዮጵያዊ አልነበረም፤ በ1914 ሎስ አንጀለስ የተወለደ ጥቁር አሜሪካዊ ነው። የአሜሪካ ፕሮፌሽናል ፉትቦል ሊግ ለ12 ዓመት ጥቁር ተጫዋች ካላስገባ በኋላ፣ በ1946 ከጓደኛው ከኬኒ ዋሽንግተን ጋር ለሎስ አንጀለስ ራምስ ተሰልፎ በሩን ከከፈቱት አንዱ ነው። በ«አሥርቱ ትእዛዛት» ንጉሥ ብቻ አይደለም የሆነው፤ ሙሴን ያሳደገችውን ልዕልት ከሚሸከሙት ባሮችም አንዱ እርሱ ነው። በአንድ ፊልም ንጉሥም ባሪያም! በ1960 በ«ስፓርታከስ» ድራባ የተባለውን ግላዲያተር ሆነ። ባልንጀራውን እንዲገድል ሲታዘዝ እምቢ ብሎ ጦሩን ወደ ተመልካቾቹ ሮማውያን መኳንንት ወርውሮ ሞተ። በዚያው ዓመት በጆን ፎርድ «ሳጅን ራትሌጅ» በሐሰት የተከሰሰ ጥቁር ወታደር ሆኖ ተጫወተ። እኔም ወታደር ስለነበርኩ ይህን ፊልም ሳይ ሆዴ ባባ። ስትሮድ ያረፈው በ1994 መጨረሻ ነው። ልጆቻችን የሚወዱት የ«ቶይ ስቶሪ» ካውቦይ ዉዲ ስሙን ያገኘው ከእርሱ ነው።

ታዲያ የእርሱን ፊርማ ፈልጌ በኢንተርኔት ከአንድ ሻጭ ገዛሁ። ሲደርሰኝ በማጉያ መነጽር አየሁት። በሙያ ትምህርት ቤት የኅትመት ሥራ ስለተማርኩ ነገሩ ወዲያው ገባኝ፤ ፊርማው ከፎቶው ጋር አብሮ የታተመ ነበር፣ ጥቃቅን ነጠብጣቦቹ ይታያሉ። እናንተም ብትሞክሩት፣ ፎቶውን ወደ ብርሃን ዘንበል አድርጉት፤ የእውነተኛ ብዕር ቀለም ከወረቀቱ በላይ ያብለጨልጫል፣ እጅ ጫን ያለበትና ቀለል ያለበት ይለያል። ሁለት ፊርማዎች ፍጹም አንድ ዓይነት ከሆኑ ማኅተም ወይም መሣሪያ ነው፤ ሰው ሁለት ጊዜ አንድ ዓይነት አይፈርምም። ለታላላቆቹ ኮከቦች ጸሐፊዎቻቸው ይፈርሙላቸው ነበር። ብዙ ደብዳቤ የማይጎርፍላቸው ረዳት ተዋንያን ግን ብዙውን ጊዜ ራሳቸው ይፈርሙ ነበር። እውነተኛውን ያገኘሁት ከብዙ ፍለጋ በኋላ ነው።

እናቴ አልወደደችውም። «በኦሪት የሚኖር ሰው የሰው ምስል ይሰበስባል እንዴ?» አለችኝ። «እማዬ፣ አልሰግድለትም፣ ግድግዳ ላይም አልሰቅለውም፤ እንዳይረሳ ነው» አልኳት። አብርሃም ሽቫድሮን የተባለ ሰው የአይሁድ ሊቃውንትንና የታወቁ ሰዎችን የእጅ ጽሕፈትና ምስል ዕድሜውን ሙሉ ሰብስቦ በ1927 ኢየሩሳሌም ላለው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት መስጠቱንም ነገርኳት። ዝም ብላ ቆየችና ተነሥታ ጓዳ ገባች።

ይዛ የመጣችው አንድ የደብተር ቅጠል ነበር። አባቴ ጎንደር ሳለ ፊደል አልቆጠረም፤ ወረቀት ሁሉ የሚፈርመው በአውራ ጣቱ አሻራ ነበር። እዚህ መጥቶ ኡልፓን ሲገባ ለመጀመሪያ ጊዜ ስሙን በዕብራይስጥ የጻፈበትን ወረቀት እናቴ ይህን ሁሉ ዓመት አስቀምጣው ኖራለች። አንድ ስም ሰባት ጊዜ ተጽፏል፤ ሰባቱም ይለያያሉ።

አሁን ያ ወረቀት ከዉዲ ስትሮድ ፎቶ ቀጥሎ ክላሰሩ ውስጥ ነው። ልጄ ደግማ «የእኛ ነው?» ብትለኝ የማሳያት አለኝ። እናንተም የአባቶቻችሁንና የእናቶቻችሁን የእጅ ጽሑፍ፣ የቄሶቻችንንም ደብዳቤ ፈልጉ፤ አትጣሉ። ሽማግሌዎቻችን በሕይወት ሳሉ ስማቸውን ጽፈው እንዲሰጧችሁ ጠይቁ። በአሻራ የሚፈርሙም ካሉ አሻራቸውን አስቀምጡ።

ቸር ይግጠመን። ሻባት ሻሎም!