ወርቅ የተሸከመው አሳዳጅ

እስቲ ቀረብ በሉ፣ የአንድ አሳዳጅና የአንዲት ተሳዳጅ ታሪክ ልንገራችሁ።

ከሶዶ ወደ አርባ ምንጭ ሲወረድ ሁምቦ አለች። ክረምቱ ወጥቶ፣ መስቀል አልፎ፣ ውሃው በየጉድጓዱ ሲያቁር የወባ ወራት ይገባል። ያኔ አያት የልጅ ልጇን አዝላ ጤና ኬላ ትደርሳለች። «ልጄ፣ ሲቃዥ ነው ያደረው» ትላለች። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋም «አይዞዎት እናቴ፣ ደሙን እንየው» ብላ የልጁን ጣት ጠቅ ታደርጋለች።

ደሙ በወረቀት መመርመሪያ ላይ ይንጠባጠባል፣ ፈሳሽ ይጨመርበታል፣ ከዚያ 15 ወይም 20 ደቂቃ መጠበቅ ነው። ደሙ በወረቀቱ ላይ እየተሳበ ይሄዳል። አንድ ቀይ መስመር ብቻ ከወጣ መመርመሪያው ሠርቷል፣ ወባ ግን አልታየም ማለት ነው። ሁለተኛ ከተጨመረ ወባ አለ።

ያቺን ሁለተኛ መስመር ማን አሰመራት? ታሪኩ እዚህ ላይ ባሕር ይሻገራል። እ.ኤ.አ. በ1975 እንግሊዝ አገር፣ ካምብሪጅ ውስጥ፣ ሴዛር ሚልስታይንና ጆርጅ ኬለር አንቲቦዲ የሚያመርት የአይጥ ሴል ከካንሰር ሴል ጋር አዋሐዱ። የመጀመሪያው አንድን ጠላት ለይቶ የሚይዝ አንቲቦዲ ያመርታል፤ ዕድሜው ግን አጭር ነው። ሁለተኛው መራባት አያቆምም። ከሁለቱ የተወለደው ሴል ያንኑ አንድ ዓይነት አንቲቦዲ ሳይሰለች ያመርት ጀመር። ሞኖክሎናል የሚባለው ይህ አንቲቦዲ በ1984 ሁለቱን ለኖቤል ሽልማት አበቃቸው። ዛሬ ለጡት ካንሰርም ለመገጣጠሚያ ሕመምም መድኃኒት ሆኗል፤ ዋጋው ግን ለብዙዎቻችን አይቀመስም። ሁምቦ ጤና ኬላ የገባው በመመርመሪያው በኩል ነው።

እዚያ አሳዳጃችን፣ አንቲቦዲው፣ ደቃቅ የወርቅ ቅንጣት ተሸክሞ ይጠብቃል። ደሙ ሲደርስ የወባዋን ፕሮቲን ይይዛል፤ መስመሩ ላይ የተተከለ ሌላ አንቲቦዲ ደግሞ ከነምርኮው ያስቆመዋል። ወርቁ እዚያ ሲከማች ቀልቶ ይታያል።

ወባም ዝም አላለችም። ፋልሲፓረም የተባለችው ዓይነት የምትያዘው ኤችአርፒ2 በሚሉት ፕሮቲን ነበር። ያንን ፕሮቲን የጣለች ወባ ተነሣች። መመርመሪያው «ነፃ» ይላል፤ ታማሚው ሳይታከም ይመለሳል፤ ትንኟም ከእሱ ወስዳ ለጎረቤቱ ታደርሳለች። በአማራ፣ በትግራይና በጋምቤላ ከ12 ሺህ በላይ ሰዎች የተሳተፉበት፣ በ2021 የወጣ ጥናት ይህንኑ ይፋ አደረገ።

አሳዳጁም መላ አላጣም። ኤልዲኤች የሚባል ሌላ ፕሮቲን አለ፤ ወባ ኃይል የምታገኝበት ስለሆነ እንደዋዛ አትጥለውም። እሱን የሚይዝ አንቲቦዲ ያለበት መመርመሪያ ያመለጠችውን ይደርስባታል። የዓለም ጤና ድርጅትም ፕሮቲኑን በመጣሏ የምታመልጠው ወባ ከ5 በመቶ ካለፈች መመርመሪያው ይቀየር ይላል።

እንግዲህ ወገኖቼ፣ ሳትመረመሩ የወባ መድኃኒት አትዋጡ። «ነፃ» ተብላችሁ ትኩሳቱ ካልለቀቃችሁ ግን እቤት አትተኙ፤ ጤና ጣቢያ ሂዱና ደማችሁ በማይክሮስኮፕ ይታይ። ወረቀቱን ያታለለች ወባ ከሰው ዓይን በቀላሉ አታመልጥም።