ያለ እሳት የተያያዘ ሽቦ

የሞተር ሳይክል ባትሪ ላይ የሚታሰረውን ሽቦ ጫፍ ልብ ብላችሁ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ቀለበት ያላት ትንሽ ብረት አለች፤ ተርሚናል ትባላለች። ሽቦው የገባው በጭራዋ ቱቦ ውስጥ ነው። ሊድ የለም፣ ሙጫም የለም፤ ቱቦው በፒንሳ መሰል መሣሪያ ተጨምቋል፣ በቃ! ይህ አሠራር ክሪምፕ ይባላል።

ከዚያ በፊት የተለመደው ብየዳ ነበር። 183 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ላይ የሚቀልጥ የቆርቆሮና የእርሳስ ቅይጥ፣ ማለትም ሊድ፣ በሽቦው ቀጫጭን ክሮች መሃል ይሰርግና ሲቀዘቅዝ ይይዛል። ለማይንቀሳቀስ የቤት ሬዲዮ ምንም አይልም። አውሮፕላን ላይ ግን ጣጣ አለው። ሊድ የጠጣው የሽቦ ክፍል ግትር ይሆናል። ሞተሩ ባንቀጠቀጠው ቁጥር ሽቦው ግትሩ አልቆ ለስላሳው በሚጀምርበት ቦታ ይታጠፋል፤ ውሎ አድሮ እዚያው ይበጠሳል። በዚያ ላይ በደንብ ሳይሞቅ የተበየደ ሽቦ ላይ ላዩን ደህና ሊመስል ይችላል።

እ.ኤ.አ. በ1941 አሜሪካዊው መሐንዲስ ኡንካስ ዊታከር ኤርክራፍት ማሪን ፕሮዳክትስ የተባለ ኩባንያ አቋቋመ። ስሙ እንደሚነግራችሁ ያነጣጠረው አውሮፕላንና መርከብ ላይ ነው፤ ሸቀጡ ደግሞ ያለ ሊድ የሚያዝ ተርሚናል። በዚያው ዓመት መጨረሻ አሜሪካ ጦርነት ገባች። ፋብሪካዎች ለሙያው አዲስ የሆኑ ሠራተኞችን ቀጥረው አውሮፕላን በብዛት ማምረት ነበረባቸው። ጥሩ በያጅ ለመሆን ጊዜ ይፈጃል፤ ልኩ የታወቀ መጭመቂያ ግን በጀማሪም እጅ ያንኑ ቅርጽ ያወጣል።

ታዲያ ጭመቃ ብቻውን እንዴት ይይዛል? ግፊቱ ሲበረታ መዳቡ እንደ ሊጥ ቅርጹን ይለውጣል። ክብ የነበሩት ክሮች ተጨፍልቀው እርስ በርስና ከቱቦው ግድግዳ ጋር ይገጥማሉ፤ አየር የሚገባበት ክፍተት ይጠፋል። አየርና እርጥበት ካልገቡ መዳቡ ውስጡ አይዝግም።

ፕላስቲክ ያልለበሰ ተርሚናል አንድ ጥቅም አለው፤ ጭመቃው የት እንዳረፈ በዓይናችሁ ታያላችሁ። ራቁት ብረት ግን ሌላ ብረት ከነካ ሾርት ያደርጋል፤ ስለዚህ በሙቀት የሚኮማተር የፕላስቲክ ቱቦ ይለበስለታል።

«ለማንኛውም ይጠንክር» ብላችሁ ግን ሽቦውን ሊድ ቀብታችሁ አትጭመቁት። ሊድ ለስላሳ ነው፤ በግፊት ሥር ቀስ በቀስ ይሸሻል። ዛሬ ጥብቅ ያለው ማያያዣ ከጊዜ በኋላ ይላላል፤ የላላ ማያያዣ ደግሞ ይግላል፣ እሳትም ሊያስነሳ ይችላል።