የጊፈን ሸቀጥ

የጊፈን ሸቀጥ ዋጋው ሲወደድ ተፈላጊነቱ የሚጨምር፣ ሲረክስ የሚቀንስ ሸቀጥ ነው። ስሙን ያገኘው ከስኮትላንዳዊው የስታቲስቲክስ ባለሙያ ከሮበርት ጊፈን ሲሆን፣ ሐሳቡን በ1895 እ.ኤ.አ. በመጽሐፉ 3ኛ እትም ያሰፈረው የምጣኔ ሀብት ሊቁ አልፍሬድ ማርሻል ነው። ነገሩ እንቆቅልሽ የሚመስለው የዋጋ ለውጥ ሁለት ሥራ በአንዴ እንደሚሠራ ስለሚዘነጋ ነው፤ ሸማቹን ወደ ረከሰው ሸቀጥ ይስባል፣ የገንዘቡንም የመግዛት አቅም ይለውጣል። የምጣኔ ሀብት ባለሙያው ዩጂን ስሉትስኪ በ1915 በሒሳብ የለያቸው እነዚህ የመተካትና የገቢ ውጤቶች ብዙውን ጊዜ ይተባበራሉ፤ ሰው ገቢው ሲያድግ በሚሸሸው ሸቀጥ ላይ ግን ይጋጫሉ፤ የገቢው ውጤት ሲያይል ሸቀጡ የጊፈን ይሆናል። አብዛኛው ገንዘቡ ለዳቦ የሚውል ድሃ ቤተሰብ ዳቦ ሲወደድበት ሥጋውን ትቶ ዳቦ ይጨምራል፤ ተወዶም ቢሆን ከዳቦ የረከሰ ሆድ የሚሞላ ምግብ የለምና።

የመማሪያ መጻሕፍት በምሳሌነት ሲደጋግሙት የኖሩት በረሃቡ ዘመን የተወደደው የአየርላንድ ድንች ግን ማስረጃ አይሆንም፤ ከ1845 ጀምሮ ሰብሉን በሽታ አጥፍቶት ሳለ ሕዝቡ ከየት አምጥቶ አብዝቶ ይበላል? በዚህ የተነሳ ሐሳቡ ከወረቀት አያልፍም ያሉ ነበሩ። ተቃውሞው ምሳሌውን እንጂ ሐሳቡን አይጥልም። ሮበርት ጄንሰንና ኖላን ሚለር በ2008 ባሳተሙት ጥናት፣ በቻይና ሁናን ግዛት ለድሃ ቤተሰቦች ሩዝ በድጎማ ሲረክስላቸው የሩዝ ፍጆታቸው ቀንሷል፤ ድጎማው ሲነሳም ጨምሯል። በጋንሱ በስንዴ ላይ የተገኘው ማስረጃ ደካማ ነበር። ከሁሉ በባሱት ድሆች ዘንድም ባሕርዩ አልታየም፤ ቀድሞውንም ከዋናው እህል ሌላ የሚተዉት ምግብ እምብዛም አልነበራቸውም።