የቆቦ እራት እና ማሽላው

እህቶቼ፣ በቆቦ ማታ ምን ይበላል ብሎ ለሚጠይቅ እንግዳ መልሱ አጭር ነው፤ የማሽላ እንጀራ በሽሮ። ጤፍም በሜዳችን ይበቅላል፤ ነገር ግን ዋጋው ስለሚሻል ብዙው ወደ ገበያ ይወጣል፣ ማሽላው ቤት ይቀራል። ስለ ራያ ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች ጦርነቱንና ሹመቱን ያነሳሉ፤ ድስቱን ግን አያነሱትም። እኔ ከድስቱ ልጀምር።

ማሽላ አንድ እህል የሚመስለው ቆላ ላላደገ ሰው ነው። ደጋሊት አለ፣ ጅጉርቲ አለ፣ አገዳው እንደ ሸንኮራ የሚመጠጥ ጥንቅሽ አለ፣ ለጠላ የሚፈለግ ቀይ ዘንጋዳ አለ። የትኛው ለእንጀራ፣ የትኛው ለገንፎ፣ የትኛው ለንፍሮ እንደሚሆን የምታውቀው ምጣድ ላይ የቆመችው ናት። የማሽላ ሊጥ ትዕግሥት ይፈልጋል። አብሲቱ ካልተስተካከለ እንጀራው ይሰነጣጠቃል፤ ቢስተካከልም ከጤፍ እንጀራ ቀድሞ ይደርቃል። የሞላላት ጤፍ ትቀላቅልበታለች፣ ያልሞላላት የደረቀውን ፍርፍር ታደርገዋለች። ዘሩንም ቢሆን የምትጠብቀው እርሷ ነበረች፤ የተመረጠው ዘለላ ማድቤት ከምድጃው በላይ ይሰቀላል፣ ጭሱ ነቀዝ ያርቅለታል።

በወሎ ከነዚህ ሁሉ ማሽሎች መካከል ስማቸው ራሱ የሚናገር ሁለት ነበሩ፤ ወተት በጉንጬ እና ማርጩቄ። ምርታቸው ትንሽ ነው፣ ፍሬያቸውም ሲደርቅ ይጨማደዳል። ስለዚህ ማሳ ሙሉ አይዘሩም፤ በሌላው ማሽላ መሐል ጣል ጣል ይደረጋሉ። ሳይደርቁ በእሸታቸው ተጠብሰው ይበላሉ።

በ1973 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፣ በእኛ 1965/66 መሆኑ ነው፣ በአሜሪካ የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከዓለም ዙሪያ ከተሰበሰቡ ከ9 ሺህ በላይ የማሽላ ዘሮች መካከል ሁለት የተለዩ አገኙ። ሁለቱም ከወሎ የሄዱ ናቸው። ላይሲን የሚባል፣ ሰውነት ራሱ የማይሠራው፣ ለሕፃን እድገት የግድ የሚያስፈልግ የፕሮቲን ክፍል አለ፤ በተራ ማሽላ ፕሮቲን ውስጥ 2 በመቶ ያህል ብቻ ነው። በነዚህ ከ3 በመቶ በላይ ሆኖ ተገኘ። የፕሮቲናቸው መጠንም ተራው 12 በመቶ ገደማ ሲሆን እነርሱ ከ15 እስከ 17 ደረሱ። ተራ ማሽላ ብቻ የሚበላ ሕፃን በደንብ አያድግም፤ ለዚህ ነው እናቶቻችን ሽሮና ወተት የሚፈልጉለት። ላም የሌላት ቤት ግን እሸቱ ነበራት። እኔ ስሙ ለጣዕሙ ብቻ የወጣ አይመስለኝም።

ታዲያ ግኝቱ በታተመበት በዚያው ዓመት የወሎ ሕዝብ በረሃብ ያልቅ ነበር። ከአዲስ አበባ ወደ አሥመራ የሚወስደው፣ በቆቦ የሚያልፈው መንገድ ዳሩ በተራበ ሰው ተሞላ። በ1977 ደግሞ ከእኛ ዳገቱን ወጣ ብሎ ያለው ኮረም በዓለም ቴሌቪዥን ታየ። ያን ጊዜ እራት የርዳታ ስንዴ ንፍሮ ወይም ቂጣ ነበር፤ ለሕፃናት ፋፋና የወተት ዱቄት። የተራበ ቤት በመጨረሻ የሚበላው ዘሩን ነው። ምድጃ ላይ የተሰቀለው ዘለላ ሲወርድ የእናት የአያት ምርጫ አብሮ ይወርዳል፤ ዝናቡ ሲመለስ የሚዘራ የለም። አዲስ አበባ ያለው የዕፅዋት ዘር ማዕከል፣ በኋላም በዶክተር መላኩ ወረደ ሲመራ፣ በድርቁ ዘመን የአገሩን ዘር ሳይበላ እየሰበሰበ፣ ቆይቶ በወሎና በሸዋ ከገበሬዎች ማሳ ላይ መልሶ መትከል የጀመረው ለዚህ ነበር። ዶክተር መላኩ በ1989 እ.ኤ.አ. ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ያገኙት በዚሁ ሥራ ነው።

እራታችንን ቀስ በቀስ የለወጠው ግን የበልጉ መክሸፍ ነው። ረጅሙ ማሽላ በሚያዝያ ይዘራና በኅዳር ይታጨዳል። የበልጉ ዝናብ ሲቀር ገበሬው እስከ ሐምሌ ጠብቆ፣ በአራት ወር ገደማ የሚደርስ ዘር ወይም ጤፍ ይዘራል። የሲሪንቃ ምርምር ማዕከል እንደ ግራና አንድና ምስቅር ያሉ ቶሎ የሚደርሱ ዘሮችን አወጣ። የጎብዬን ስም የያዘው ዘርም አቀንጭራን ይቋቋማል። ያለ እነርሱ ባዶ የሚቀር ጎተራ ብዙ ነበር፤ አላማቸውም። ነገር ግን ብዙዎቹ አጭር ናቸው። ሲለኩ ኩንታሉ ይለካል፣ አገዳው አይለካም። አገዳ ግን የላም መኖ ነው፣ የምጣድ ማገዶ ነው፣ የቤት ግድግዳ ነው። አገዳ ሲያጥር ሴቲቱ እንጨት ፍለጋ ርቃ ትሄዳለች፣ የላሟም ወተት ይቀንሳል፣ ከማታው ገንፎ ላይ ቅቤ ይጠፋል። ይህን ሒሳብ የምናውቀው እኛ ነን።

በጥቅምት 2013 የበረሃ አንበጣው የደረሰ ማሽላና ጤፍ በላብን። በዚያው ዓመት ክረምት ጦርነቱ ቆቦ ገባ። መብራት ሲጠፋ ወፍጮ ቤቱ ቆመ፤ ከጓሮ ተጥሎ የነበረው የድንጋይ ወፍጮ ከነመጁ ተፈልጎ ወጣ። መፍጨት የሚያውቁት አሮጊቶቹ ብቻ ነበሩ፤ ወጣቶቹ ከእነርሱ ተማሩ።

የመስኖ ሽንኩርትና ቲማቲም ወጡን እንዴት እንደለወጠው ሌላ ቀን እንጫወታለን። ለአሁኑ አንድ ነገር ልለምን። በሚቀጥለው ስብሰባችን ወተት በጉንጬ ወይም ማርጩቄ የምትዘራ፣ ወይም የሚዘራ ዘመድ ያላት አባል ካለች ዘለላውን ይዛ ትምጣ። ዘለላው ከሌለ እሸቱ እንዴት እንደሚጠበስና ለልጅ ከስንት ወሩ እንደሚሰጥ ከእናቷ ጠይቃ ትምጣ፤ ጸሐፊያችን ትመዘግበዋለች።