ብርሃንን ያነበበው መስተዋት ሠሪ

ስለ አንድ የከዋክብት ተመራማሪ በተነሣ ቁጥር «የት ተማረ? ከማን እግር ሥር ተቀመጠ?» ብሎ መጠየቅ የተለመደ ነው። ጥያቄው ለባቫሪያው ዮሴፍ ፍራውንሆፈር ሲቀርብ ግን መልሱ ሁልጊዜ ያስደንቀኛል፤ ትምህርት ቤቱ የመስተዋት እቶን ነበርና።

በ1787 ተወለደ (ዘመናቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ገና በልጅነቱ እናትም አባትም ሞቱበት፤ ሙኒክ ለሚኖር መስተዋት ሠሪም ተለማማጅ ሆኖ ተሰጠ። በ1801 የጌታው ቤት ተደረመሰ። ከፍርስራሹ በሕይወት ሲወጣ መስፍኑ ማክሲሚልያን ዮሴፍ ወርቅ ሰጠው። ልጁ በወርቁ ምን ገዛ? የመስተዋት መሞረጃ መሣሪያ! ዩትሽናይደር የተባለው ባለሀብት ደግሞ መጻሕፍት አቀበለው። ኋላም በቀድሞው የቤኔዲክትቦየርን ገዳም በተቋቋመው ሥራ ቤት፣ ከስዊሱ ጊናን የመስተዋት ማቅለጥን ጥበብ ቀሰመ።

ጭንቀቱ የሰማይ ምሥጢር አልነበረም። ሌንስ እያንዳንዱን ቀለም በተለያየ መጠን ስለሚሰብር የኮከቡ ምስል ዙሪያው ይዥጎረጎራል። ይህን ለማረም የእያንዳንዱን ቀለም ስብረት በትክክል መለካት ያስፈልጋል፤ ነገር ግን ቀዩ የት አልቆ ብጫው የት ይጀምራል? ቀለማት ድንበር የላቸውም። በ1814 ገደማ በጠባብ ስንጥቅ የገባውን የፀሐይ ብርሃን በፕሪዝም አሳልፎ በቀያሾች ቴሌስኮፕ ሲመለከት፣ በቀለማቱ መካከል እጅግ ብዙ ጥቋቁር መስመሮች ተደርድረው አየ። ከአምስት መቶ በላይ ቆጠረ። እንግሊዛዊው ዎላስተን በ1802 ጥቂቶቹን አይቶ የቀለማት ድንበር መስለውት ነበር። ፍራውንሆፈር ግን ዋና ዋናዎቹን በፊደል ሰይሞ የመለኪያ ምልክት አደረጋቸው። ቀጥሎ ቴሌስኮፑን ወደ ሲሪየስ አዞረ፤ የዚያ ኮከብ መስመሮች ከፀሐይ የተለዩ ነበሩ። በእኔ ግምት ስፔክትሮስኮፒ ወደ ሰማይ የወጣው በዚያች ሌሊት ነው።

የባቫሪያ አካዳሚ አባል ይሁን ሲባል ግን መደበኛ ትምህርት የለውም ብለው የተቃወሙ ነበሩ። የከዋክብትን ብርሃን የለየ ሰው የምስክር ወረቀት ተጠየቀ! ሆኖም በ1817 ተቀበሉት፤ በ1826 በ39 ዓመቱ ሞተ። የመስመሮቹን ትርጉም ኪርሆፍና ቡንሰን የፈቱት በ1859 ነው።

ስለ ብርሃን ያገኘውን ሁሉ አሳትሞ ነበር፤ የመስተዋቱ አቀላለጥ ግን የሥራ ቤቱ ምሥጢር ሆኖ ቀረ። ለንደን ላይ ፋራዳይን የመሰለ ሊቅ እንኳ ለዓመታት እቶን ሲያነድድ ከርሞ የእርሱን የመሰለ መስተዋት አልወጣለትም።