አንድ ሀገር ከኑክሌር ስምምነት መውጣቱ እንዴት ይረጋገጣል?

በሸዋ ሮቢትና በይፋት ቆላ በሞተር ፓምፕ ሽንኩርት የሚያለማ አርሶ አደር “ኢራን ከኑክሌር ስምምነት ወጣች” የሚል ወሬ ሲሰማ ጉዳዩ ሩቅ አይደለም። ከባሕረ ሰላጤው ሀገራት የሚወጣ ነዳጅና ዩሪያ ማዳበሪያ በሆርሙዝ ሰርጥ በኩል ስለሚያልፍ፣ የአካባቢው ውጥረት ዋጋ ያንቀሳቅሳል። ባልተጣራ ወሬ ነዳጅ ማከማቸት ወይም ምርትን ያለጊዜው መሸጥ ግን ለኪሳራ ይዳርጋል።

በቅድሚያ የትኛው ስምምነት እንደሆነ መለየት ያስፈልጋል። የኑክሌር ጦር መሣሪያ እንዳይስፋፋ የሚከለክለው ስምምነት እ.ኤ.አ. በ1970 በሥራ ላይ ውሏል፤ ኢትዮጵያም በዚያው ዓመት አጽድቃዋለች። የኃይል ማመንጫዎችን ደኅንነት የሚመለከተው የኑክሌር ደኅንነት ስምምነት ደግሞ በ1994 ጸድቆ በ1996 ሥራ ላይ ዋለ።

ሁለቱም የመውጫ ሥርዓት አላቸው። ከመጀመሪያው የሚወጣ ሀገር ምክንያቱን ገልጾ፣ ለአባል ሀገራት በሙሉና ለተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት ከ3 ወር በፊት ማሳወቅ አለበት። ከሁለተኛው ለመውጣት ለዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ ዋና ዳይሬክተር በጽሑፍ ይገለጻል፤ ውሳኔው የሚጸናው ቢያንስ ከ1 ዓመት በኋላ ነው።

ሰሜን ኮሪያ መጋቢት 12 ቀን 1993 መውጣቷን አስታውቃ፣ ጊዜው ሊሞላ አንድ ቀን ሲቀረው ሰኔ 11 ውሳኔዋን አገደች። በ1994 የኤጀንሲውን አባልነት ብትተውም በስምምነቱ ቆይታለች። ጥር 10 ቀን 2003 ዳግም መውጣቷን ስታውጅ፣ ቀድሞ ከተቆጠረው 3 ወር የቀረው አንድ ቀን ብቻ ነው አለች። አባል ሀገራት ግን በሕጋዊነቱ ላይ የጋራ አቋም አልያዙም።

የኢራን ፓርላማ በሰኔ 2025 ያጸደቀው ሕግ ከኤጀንሲው ጋር የሚደረግን ትብብር ያቋረጠ እንጂ ከስምምነቱ ያስወጣ አልነበረም። ሩሲያም በኅዳር 2023 የኑክሌር ሙከራ እገዳ ስምምነትን ማጽደቋን ስትሰርዝ ፊርማዋን አላነሳችም።

በኢትዮጵያ በኩል ዓለም አቀፍ ስምምነትን የሚያጸድቀው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው፤ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9 መሠረት የጸደቀ ስምምነት የሀገሪቱ ሕግ አካል ይሆናል።

ስለዚህ ወሬ የሰማ ሁሉ ሦስት ነገር ይጠይቅ፦ የትኛው ስምምነት ነው? የጽሑፍ ማሳወቂያው ለሚመለከተው አካል ደርሷል? የተቆረጠውስ ጊዜ አልፏል? መዛት፣ መወያየትና ትብብር ማቋረጥ መውጣት አይደሉም።