የሱመር ትምህርት ቤትና ጎረቤቶቹ

በደቡብ ሜሶፖታሚያ ጽሕፈት የተጀመረው ለታሪክ ወይም ለግጥም ሳይሆን ለሒሳብ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3300 ዓመት ገደማ በኡሩክ ከተማ ሹማምንቱ የገብሱንና የከብቱን ብዛት፣ የሠራተኛውንም ቀለብ በእርጥብ የሸክላ ጭቃ ጽላት ላይ ያስመዘግቡ ነበር። በኋላ ዘመን ጸሐፍት የሚሠለጥኑበት ትምህርት ቤት «ኤዱባ» ይባል ነበር፤ ይኸውም «የጽላት ቤት» ማለት ነው። ተማሪው በመጀመሪያ ምልክቶችን፣ ቀጥሎም የዛፎችን፣ የዕቃዎችንና የሙያዎችን ስም ዝርዝር እየገለበጠ ይለማመድ ነበር።

ጥበቡ በሱመር ብቻ ተወስኖ አልቀረም። በሰሜን ሶርያ የምትገኘው ኤብላ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ24ኛው መቶ ዓመት ይህንኑ አጻጻፍ ተቀብላ ለራሷ ቋንቋ አውላዋለች፤ በ1975 እ.ኤ.አ. ከተገኙት ጽላቶቿ መካከል ሱመርኛን በአገሩ ቋንቋ የሚፈቱ ዝርዝሮች አሉ። በአንጻሩ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1740 ገደማ በኒፑር ሕፃናቱ በቤታቸው አካድኛ እየተናገሩ፣ በትምህርት ቤት ግን ከሕዝብ አፍ የጠፋውን ሱመርኛ ይማሩ ነበር።

የሚማሩትም በአብዛኛው የባለሥልጣናትና የጸሐፍት ልጆች ነበሩ። ቀለቡ የሚመዘገብለት ሠራተኛ ግን ስለ እርሱ የተጻፈውን ማንበብ አይችልም ነበር። ስለሆነም የትምህርትን ታሪክ የሚመረምር ሁሉ፣ ትምህርት ቤት መቼ ተከፈተ ከማለት አልፎ፣ ለማን ተከፈተ፣ በየትኛውስ ቋንቋ ብሎ መጠየቅ ይገባዋል።